ቀፎ ነው ወይስ የመብራት ጌጥ?

እንጅባራ ውስጥ ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር እየመረጥኩ ነው የምኖረው። በጥቅምት አንድ ነጋዴ አዳዲስ የቀርከሃ ቀፎዎች አመጣና፣ የውጭው ገዢ አምፖል ሊያንጠለጥልባቸው እንደሆነ ነገረኝ።

ታዲያ ቁጥሩ የቀፎ ይሁን የመብራት ጌጥ? ቢቸግረኝ ለሠሪው ሽማግሌ ደወልኩ።

«አያ ታከለ፣ እርስዎ ምን ብለው ነው የሠሩት?»

«ቀፎ ነዋ ልጄ። ንብ እንዲወደው አጥኜዋለሁ። ሳይታጠን ቀፎ ለሰው አይሰጥም።»

«ገዢው እኮ ንብ አይፈልግም።»

«እሱን ለንቧ ንገራት» አሉኝ።

ሳልወስን ቀፎዎቹን በረንዳ ላይ ትቼ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ነጋዴው ከመንገዱ ማዶ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። በረንዳዬ በንብ ጠቁሯል።

«ስማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የቁም እንስሳ ቁጥሩ ስንት ነው?»