ሽማግሌ ጭኖ የመጣ ሙሽራ

በዕድሜዬ አምስት ሞተር ብስክሌት ገዝቻለሁ። ሁለቱ ሰብረውኛል፤ አንዱን እኔ ሰብሬዋለሁ፤ አንዱ ተሰርቆብኛል። ልጆቼ ግን ስለ እነዚህ አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ስለ መጀመሪያዋ፣ በገዛ እጄ ስለሸጥኋት ቀይ ሞተር ነው። እናታቸው ታሪኩን እየሳቀች ጀምራ እየሳቀች ስለምታቋርጠው እስከ ዛሬ በትክክል አልሰሙትም። የከተማችን ወጣቶችም በአንድ ሞተር ሦስት ሆነው፣ ያለ ሄልሜት፣ ቁልቁለቱን ሲምዘገዘጉ አያለሁ። አይቶ ዝም ማለት ደግ አይደለም። ስለዚህ ጻፍሁት።

ሥራዬ የእህል ወፍጮ መጠገን ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከቄስ ነው፤ ሞተር የተማርሁት ደግሞ ከተበላሸ ሞተር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በየገጠሩ የናፍጣ ወፍጮ እንደ አሸን ፈላ። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ጥግ፣ በዚህ በኩል ደግሞ እስከ አንበሳሜ፣ አንዱ ወፍጮ በቆመ ቁጥር ይጠሩኛል። በእግሬ ተጉዤ ስደርስ ባለወፍጮው በንዴት ጠቁሮ ይጠብቀኛል። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ግን ያለኝን አራግፌ ቀይዋን ሞተር ገዛሁ። መቀመጫዋ ተቀድዷል፣ የኋላ መብራት የላትም፣ ማርሚታዋ ተበስቶ ጭሷንም ጩኸቷንም አትይዝም። ገበሬው ገና ሳልታየው ከኮረብታ ማዶ ሰምቶ «የወፍጮ ሐኪም መጣ» ይል ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ሲሆን በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ኳስ ሜዳ ወስዶኝ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ» አለኝ። እኔ በአንዴ ለቀቅሁት። ሜዳውን አቋርጬ የጎሉን እንጨት ገጨሁና ተዘረርሁ። ሰው ሊያነሣኝ ይሮጣል ስል፣ እሱ ባለበት ቆሞ እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ «ቋሚው መለሰበት!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበር። እግሬን ያሸልኝም እሱ ነው።

ባለቤቴን ያወቅኋት በጉና ሥር ባለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ገብስ በአህያ ጭና ስትመጣ ወፍጮው ቆሟል፤ እኔ በዘይት ተለውሼ ከሥሩ ተጋድሜያለሁ። አብራት ለመጣችው ልጅ «ይኸ ሰው ሊያስነሣው ነው ወይስ አብሮት ተኝቶ ነው?» አለቻት። ከሥር ሆኜ ሰማሁ። ተናድጄ ሠራሁ። ወፍጮው ተነሥቶ ብቅ ስል፣ ፊቴን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ወፍጮ ሳይበላሽም እሄድበት ጀመር።

አባቷ ግን ከባድ ሰው ነበሩ። ለእሷ የተላኩ ሌሎች ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው፣ ተቀመጡ ሳይባሉ ተመልሰዋል። የእሳቸውን ፊት ሊፈታ የሚችል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ተነገረኝ፤ የደብራችን መሪጌታ። መሪጌታ ለምኑኝ ሳይሉ እሺ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ከዋዜማው በእግር ቀድመው ወጡ። መሪጌታ በበቅሏቸው ሊከተሉ ነበር፤ በጠዋቱ ግን በቅሎዋ ስታነክስ ተገኘች። ለአባቷ ቀኑ ተነግሯቸዋል። በተነገረ ቀን መቅረት ደግሞ ሰውየውን መናቅ ነው።

«በሞተሬ አደርስዎታለሁ» አልኋቸው።

«አንተማ እዚያ አትታይም!»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ጠያቂው በዚያ ሠፈር ዝር አይልም። ከታየ ይሉኝታ ቢስ ይባላል፤ ልጅቱንም አያገኛት።

«አልታይም። ከቤታቸው በላይ ባሕር ዛፍ አለ። እዚያ አወርድዎትና ተደብቄ እጠብቅዎታለሁ።»

«መታየቱስ ይሁን። መሰማቱስ? ይህች ሞተር የሞተ ትቀሰቅሳለች።»

«ከአናቱ ላይ አጠፋታለሁ። ቁልቁለቱን በዝምታ እንወርዳለን።»

በዚያ ዘመን ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ እንደ ብልህነት ይቆጠር ነበር። ቤንዚን አይገኝም። ስለዚህ የመኪናውም ሾፌር፣ የሞተሩም ነጂ ቁልቁለት ሲያይ ያጠፋል። «ይኸን እንኳ እግዜር ነው የሚነዳው» እንባባላለን። እግዜር ቁልቁለቱን ፈጠረ እንጂ ልነዳላችሁ አላለም። ይኸን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። ዳገቱን በደህና ወጣን። አናቱ ላይ አጠፋሁና መውረድ ጀመርን። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ መሪጌታ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ነበር፤ ከዚያ መድገሙን አቆሙ።

«ልጄ፣ ይህች ነገር ፍሬን አላት?»

«አላት፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታስቀምጥላት?»

የኋላውን ፍሬን ረገጥሁ። የሆነ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ እግሬ ባዶ ሆነ። የፊቱን ፍሬን ደግሞ ከገዛኋት ጀምሮ ነገ እሠራዋለሁ እያልሁ ነበር። የሰው ወፍጮ እየጠገንሁ የራሴን ፍሬን ለነገ ማሳደሬን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ማርሽ አስገብቼ ላቀዝቅዛት ብል እግሬ በመሪጌታ ጋቢ ተጠልፏል። ባሕር ዛፉ መጣ። ባሕር ዛፉ አለፈ።

«አልፈነው አይደል?» አሉ መሪጌታ ከኋላዬ።

«አልፈነዋል።»

«በል እንግዲህ፣ አብረን እንለምናለን።»

ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብስ የሚወቃበት ጊዜ። ከመንገዱ ሥር የአባቷ አውድማ ነበር። በሬዎቹ ሲያዩን ነዶውን ትተው ተበተኑ። እኛ በአውድማው መሐል አልፈን ጭዱ ውስጥ ገባን። ጭድ ባይሆን ኖሮ ይኸን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። ሞተሯ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆንን። ዓይኔን ስገልጥ አባቷ ነዶ የሚያገላብጡበትን መንሻቸውን ይዘው ከላዬ ቆመዋል። ሞተሃል ወይ፣ ተርፈሃል ወይ አላሉም።

«ጫማህን አውልቅ!» አሉ። «አውድማ ነው!»

አውድማ በእኛ ዘንድ ክቡር ነው። በጫማ አይገባበትም፣ አይፏጭበትም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። እኔ በሁለት ጎማ ገብቼበታለሁ። ተኝቼ ጫማዬን አወለቅሁ። አንዱን አገኘሁት፤ አንዱን ጭዱ ውጦታል። ከአጠገቤ ጭዱ ተንቀሳቀሰና የመሪጌታ ጥምጥም ወጣ። ጃንጥላቸው በብብታቸው እንዳለ ነው።

«ይበርክት!» አሉ።

«አሜን፣ አብሮ ይበርክት» አሉ አባቷ። ደንብ ነውና አውድማ ላይ «ይበርክት» ያለን ሰው ዝም ማለት አይቻልም።

ቀድመው የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጥላው ተነሥተው መጡ። ሣቃቸውን ለመዋጥ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘዋል። መሪጌታ ጭዱን ሳያራግፉ ከእነሱ ጋር ተሰልፈው ቆሙና፣ «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ የታወቀ ነው። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ።

«ልጃችሁ ማነው?»

መሪጌታ በጃንጥላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። በአንድ እጄ አንድ ጫማ ይዤ፣ ጠጉሬ ጭድ መስሎ ቆሜያለሁ።

«እሱ ነው። መደበቅ ነበረበት። አልሆነለትም።»

ከቤቱ ጀርባ ያ የወፍጮ ቤት ሳቅ ተሰማ። አባቷ ወደዚያ ዞር ሲሉ ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ ሞተሯን ዞረው ዞረው አዩዋት፤ የማይወደውን ከብት ገበያ ላይ እንደሚያይ ሰው።

«ሽማግሌ ሲላክ አውቃለሁ» አሉ። «ሙሽራ ሽማግሌ ጭኖ ሲመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ሥራ ወዳድ ነህ ይሉኛል፣ ሰምቻለሁ። ልጄ ግን ባሏ ገደል ገባ ሲሏት እንድትኖር አልፈልግም። ይህችን ጉድ ከሸጥህ በጥር ና። ካልሸጥህ በመጣህበት ፍጥነት ተመለስ።»

አንድ እጅ ወደ ልጅቱ፣ አንድ እጅ ወደ ሞተሯ ይስበኛል ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ያቺ ሳቅ ሞተሬን ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ አሸንፋታለች። «እሸጣለሁ። እርስዎ ሳይፈቅዱልኝም ዳግመኛ አልገዛም» አልሁ። መሪጌታና ሁለቱ ሽማግሌዎች ምስክር ሆኑ። ያን ጊዜ ነው አባቷ «ተቀመጡ» ያሉት።

የገዛት መምህሩ ጓደኛዬ ነው። ቁልፏን ስሰጠው «ስትናፍቅህ መጥተህ እያት፤ መንካት ግን የለም» አለኝ። በጥር ሠርጌ ሆነ። እኔም በቅሎ ገዛሁ።

በቅሎ ብልህ እንስሳ ናት፤ ከእኔ ጋር ግን ሐሳባችን አልገጠመም። እኔ ወፍጮ ቆመ ተብዬ ስቸኩል እሷ ሣር ታያለች። ጓደኛዬ ደግሞ በቀይዋ ሞተር ከኋላ መጥቶ ክላክስ ይነፋና፣ በቅሎዋ ስትደነብርብኝ «ወንድሜ፣ ማርሽ ቀይርላት!» እያለኝ ያልፋል። ለሁለት ሳምንት ያኮረፍሁት ጊዜ አለ። ሌላ ሞተር በድብቅ ገዝተህ ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳ የሚሉኝ ሰዎችም ነበሩ። ቃል ግን ሰው ሲያይ ብቻ የሚለበስ ልብስ አይደለም። ይኸን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አማቴን በጣም እፈራቸው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ከዚያ የአማቴ እናት አረፉ፤ ተዝካራቸው ደረሰ። ደብሩ በሙሉ የሚበላበት ድግስ ነው። እህሉ ወፍጮ ቤት ከገባ በኋላ ወፍጮው ቆመ። ጥሪው ደረሰኝና በበቅሎ ወጣሁ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። ለቺንጋው በበቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ወረድሁ። ደብረ ታቦር የለም። በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄጄ ገዝቼ ተመለስሁና እንደገና በቅሎዬን ጭኜ ዳገቱን ያዝሁ። አማቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ነበር። የሠፈሩ ሴቶች በእጅ ወፍጮ መፍጨት ጀምረዋል፤ እንግዳው ግን ብዙ ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ። በቅሎዋ ያን ጊዜ ሣር አየች። እኔ በልጓሟ ስጎትት፣ እሷ ስትግጥ፣ አማቴ ከላይ ሆነው ሁለታችንን ያያሉ።

ወፍጮው ተነሣ፤ ድግሱም ደረሰ። ሰው ተበትኖ ሲያበቃ አማቴ ጠሩኝ።

«ያቺ ጩኸታሟ የት ናት?»

«ሸጥኋት።»

«ማን ሽጣት አለህ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔማ ያልሁህ ሽማግሌ ጭነህ ገደል እንዳትገባ ነው። የእናቴን ተዝካር ዱቄት አሳጣ አላልሁህም። ሂድና ግዛ።»

ደስ አለኝ። ነገር ግን፣ «ቃሉን የሰጠሁ በሽማግሌ ፊት ነው። በሽማግሌ ፊት ይፈታልኝ» አልሁ።

«ኧረ ይኸ ሰው! ግዛ እያልሁት!»

«በሽማግሌ ፊት።»

እያጉረመረሙ ተነሡ። መሪጌታ ከተዝካሩ በኋላ ከዳሱ ጥግ አረፍ ብለው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አልሄዱም። አማቴ ነገሩን ሲነግሯቸው መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አዳመጡ። «ያሰርነውን እንፈታለን። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እኔ ግን ዳግመኛ ከኋላህ አልወጣም። ይኸንንም መስክሩልኝ።»

ጓደኛዬን ቀይዋን መልስልኝ ስለው «እኔም ለምጃታለሁ እኮ! አማትህ ሽማግሌ ይላኩብኝ» ብሎ አሾፈብኝ። ስለዚህ ሰማያዊ ገዛሁ። ከመንዳቴ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ በአዲስ ገመድ አሠርሁ።

አንድ ቅዳሜ አማቴ ደብረ ታቦር ገበያ መጥተው፣ ወደ ማታ እግራቸውን ደከማቸው። ባለቤቴ እናቷን ልትረዳ ቀድማ እነሱ ቤት ሄዳለች። «ውሰደኝ እስቲ» አሉኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከኋላ ወጡ። ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን በኃይል ያዙኝ።

«እንዳታጠፋት!»

«አላጠፋትም፣ አባቴ። ፍሬንም አላት፤ ሁለቱም ይሠራሉ።»

«ትጩህ። ሰው ይስማን።»

በዝግታ ወረድን። ባሕር ዛፉ ዘንድ ስንደርስ «ክላክሱን ንፋው» አሉኝ፤ ነፋሁት። አውድማው ዳር አቆምሁ። ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀጥ ብለው ቆሙ። ባለቤቴ ከቤቱ ጀርባ ልጃችንን አዝላ ወጣች። ሁለታችንን አየች፤ ሞተሩንም አየች።

«ዛሬስ ማንን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁ?» አለች።

«እራት» አሉ አማቴ። «እራት ነው የምንጠይቅ።»