ይቅርታ ጠያቂዋ ጎረቤታችን

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጉልን፤ የአጥራችን ግድግዳ አጋድሎ ሊወድቅባችሁ ነው» አሉኝ ዛሬ፣ ቦሌ ቡልቡላ የምንሠራበት ሳይት ጎረቤት የሆኑት እማማ ጫልቱ።

ግድግዳው እንዲያጋድል ያደረግነው እኛ ነን።

ለስላሳው መሬት ቶሎ እንዲጠጥር ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱ የውሃ ማፍሰሻዎች ቀብረን፣ ከላይ አፈር ከምረንበታል። በክምሩ ክብደት ከመሬቱ ውስጥ ውሃው ሲወጣ መሬቱ ይወርዳል። ክምሩን አጥራቸው ጥግ ድረስ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። የእሳቸውም መሬት አብሮ ወረደ።

እሳቸው ግን «ይሄ ዝናብ ጉድ ሠራን» ይላሉ። ሰበቡን ሳይቀር አዘጋጅተውልኛል!

እኔ ኢንጂነሩ ምን ብል ጥሩ ነው? «ችግር የለውም እማማ።»

ይቅር አልኳቸው እኮ! መርቀውኝ ገቡ።

በራሳችሁ ጥፋት ይቅርታ ተጠይቃችሁ የምታውቁ፣ እውነቱን ልትናገሩ ተመልሳችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የተናገራችሁት ምን ነበር? ቶሎ ጻፉልኝ፤ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ።