የሽታዬ ጥይት እንዴት እንደ ተቀቀለ

ሽታዬ ሳምንቱን ሙሉ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት የሰው ወጥ ስትሠራ ትከርምና፣ በእረፍት ሰዓቷ ጋራዥ ገብታ ጥይት ትሠራለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲሰሙ አማተቡ። «ለባልሽ ነው?» አሏት።

«ለእሱማ ምላሴ ይበቃዋል።»

የምትወደው ኢላማ ተኩስ ነው። የፓርኪንግ ሠራተኛው አስፋው ተኩስ ክለቡ ውስጥ «ሴት ስትተኩስ ዓይኗን ትጨፍናለች» ብሎ ስላፌዘባት፣ ቅዳሜ ውድድሩ ላይ እንደምታዋርደው ለመንገዱ ሁሉ አውርታለች። ጠመንጃዋ በዕድሜ ይበልጣታል፤ ጥይቱም ሱቅ ስለማይገኝ የተተኮሰውን ቀለሃ ደግማ ትሞላለች። የቀለሃው ናስ ሲደጋገም ግን አንገቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ እሳት ነው፤ አንገቱን በጋዝ ማቃጠያ ማሞቅ፣ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ ውሃ ውስጥ መጣል። አንገቱ ይለሰልሳል። ወገቡና ቂጡ ግን እንደ ጠነከሩ መቅረት አለባቸው፤ አለዚያ ጥይቱ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቅላቱ የሚለየው በጨለማ ስለሆነ ላይት አጥፍታ ነው የምትሠራው።

አርብ ከሰዓት ግማሹን እንደ ጨረሰች ምግብ ቤቱ ደወለላት። እሷ ቤት ገብታ ስታወራ፣ ባሏ ክፍሉ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ወደ ጋራዡ ገባ። ስትመለስ ላይቱ ቦግ ብሏል፤ ክፍሉም ላቡን እየጠረገ ይስቃል።

«ጨረስኩልሽ!»

«ላይት አብርተህ?»

«ታዲያ በዳበሳ ልሥራ? መቅላቱ አልታይ ሲለኝ በደንብ ይብሰል ብዬ ቆየሁበት።»

ከውሃው አንዱን አወጣችና ወገቡን በፒንሳ ጨበጥ አደረገችው። እንደ ለስላሳ ቆርቆሮ ጥፍጥፍ አለ።

«ሶ፣ ያንቺዎቹን መርጠሽ…»

«በምን ልለየው? ሁሉንም አንድ ላይ ዘፍዝፈኸዋል!»

ቀለሃዎቹን አየቻቸው። የራሷ ጥሩ ሥራ እዚያው ውስጥ አለ፤ አስፋውም ነገ ይጠብቃታል። ጥርሷን ነክሳ አንድ በአንድ ጨፈለቀቻቸው። ከዚያ ለአስፋው ደወለችለት።

«ነገ አልመጣም።»

«ፈራሽ አይደል!»

«አዎ ፈራሁ፤ ባሌ ጥይቴን ቀቅሎብኛል።»

አስፋው ሳቁ አላቆም አለ። «ክፍሉን ሳሚልኝ! ወዳጄ ነው!»

«ሳቅ፣ ግድ የለም። ሌላ ቀለሃ እስካገኝ ድረስ ግን ተለማመድ፤ ጥይቱ ፊቴ ላይ ፈንድቶ፣ አንተን ያለ ፊት የማዋርድህ ይመስልሃል?»

ስልኩን ዘጋች። ክፍሉ የተጠፈጠፈውን ናስ እየለቀመ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ላይት ሳላበራ እሠራልሻለሁ» አላት። ሽታዬ የጋዝ ማቃጠያውን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤት ገባች።