ሽማግሌ አድርገን የወሰድነው አሠልጣኝ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ... ለታናሽ ወንድሜ ለደሳለኝ ሚስት ልንጠይቅለት ከደብረ ታቦር ተነስተን እብናት አጠገብ ወዳለች ገጠር ወረድን። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንዱ አጎታችን መሪጌታ ናቸው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ሦስተኛው አንድ ጎረቤታችን አዛውንት ነበሩ፣ እሳቸውን ቅዳሜ ወገባቸውን ያዛቸው። ደሳለኝ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በእሳቸው ቦታ ጓደኛውን ተካ!

«ንግግር ይችላል፣ አሠልጣኝ ነው» አለኝ።

«ምን ነው የሚያሠለጥነው?»

«ሰው።»

ይሄ የሰው አሠልጣኝ ሚኒባስ ውስጥ ገና ከመቀመጡ ጀመረ። «እንደ ቡድን ቪዥናችን ምንድን ነው?»

መሪጌታ «ልጅቷን መጠየቅ ነዋ» አሉት።

«እሱማ ጎላችን ነው፣ እኔ ያልኩት ቪዥን ነው።»

ከዚያ በኋላ አፉ አልተዘጋም... ማይንድሴት፣ ፖቴንሻል፣ ኮምፎርት ዞን። ዕድሜውን ሙሉ ቅኔ ያስተማረን ሰው፣ ጢሙ ያልጠና ልጅ «ከቦክስ ወጥተው ያስቡ» ሲለው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። መሪጌታ በመስኮት የሰው ጤፍ ማየት ያዙ። እኔ ግን ራሴን ሊያዞረኝ ደረሰ።

የልጅቷ ስም ማስተዋል ነው። አባቷ አያ ፈንቴ በር ላይ ተቀብለው አስገቡንና «ተቀመጡ» አሉን። በወጉ መሠረት ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም፣ መጀመሪያ የሚናገረውም በዕድሜ ትልቁ ነው። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ለበጎ ጉዳይ መጥተን ነው...» ብለው ሳይጨርሱ፣ አሠልጣኙ ነጠቃቸው።

«ጋሼ፣ እንደ ቤተሰብ ስናየው ይሄ ለሁለታችንም ዊን ዊን ነው። ደሳለኝ ቪዥነሪ ልጅ ነው። ማስተዋልን ኢምፓወር ያደርጋታል፣ ፖቴንሻሏን የምታወጣበት ፕላትፎርም ይፈጥርላታል...»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አያ ፈንቴ እስኪጨርስ ጠበቁት። «በቃህ?»

«ለጊዜው።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነገ እጁን ቢያነሳባት የነገር አባቷ ማነው? ወደ ማን ትምጣ?»

ለማታውቁት፣ እኛ ጋ ሰው ሲጋባ የነገር አባት ይሰየማል። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ቤት ነው። ያጠፋውን ይገሥጻል፣ የተበደለውን ያስክሳል፣ ጎጆው ከፈረሰም ተጠያቂ ነው። ቀላል ሸክም አይደለም።

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «ለእሱ እንኳን አያስቡ ጋሼ። ግጭት ተፈጥሯዊ ነው። ኮንፍሊክቱን ማኔጅ የሚያደርግ ሲስተም በጋራ እንዘረጋለን። ዋናው ኮሙኒኬሽን ነው።»

«ስም ጥራ።»

«እ?»

«የሰው ስም ጥራ። ልጄ የማንን በር ነው የምታንኳኳ?»

አሠልጣኙ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

አያ ፈንቴ ጓዳው በር ላይ ወደቆመች ሴት በአገጫቸው ጠቆሙ። «ያች ትልቋ ልጄ ናት። ስድራትም እንዳንተ ያሉ አፈ ቅቤዎች ነበሩ የመጡ። ባሏ ጥርሷን አራግፎ ሲሰዳት፣ ከእነዚያ ሁሉ አንዱ እንኳ እኔ አለሁ አላለም። እየዞርሁ ብፈልግ ሁሉም ዘወር አለብኝ።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እዚህ ላይ ማንም ልብ ያለው ሰው ዝም ይላል። የእኛ ጉድ ግን ምን አለ መሰላችሁ? «ያንን እንደ ለርኒንግ ወስደን...»

በጥፊ አላልኩትም። ይቆጨኛል።

አያ ፈንቴ ከእሱ ጋር መነጋገሩን ተዉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወንድሙ ነህ። አንተስ ምን ትላለህ?»

እውነቱን ልናገር። ደሳለኝ ቁጡ ነው። ልጅ ሆኖ ሲናደድ ያገኘውን ነገር ነበር የሚወረውረው። እሱን አምኜ መማል ፈራሁ።

«እንግዲህ... እኛም እንደ ቤተሰብ...» አልኩ።

እንደ ቤተሰብ! መንገዱን ሙሉ በልቤ ስሰድበው የመጣሁትን ሰውዬ ቃል! ሰው እንዲህ ዓይነት ቃል የሚወደው ለካ መደበቂያ ስለሚሆነው ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

መሪጌታ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «ወደ እኔ ትምጣ፣ አያ ፈንቴ። ቤቴን ታውቁታላችሁ። እኔ ሳልፍ ደግሞ ወደዚህ ትምጣ» ብለው ትከሻዬን ጨበጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አለሁ በል።»

ያችን በር ላይ የቆመችውን ሴት አየኋት። እሷም እያየችኝ ነበር።

«አለሁ» አልኩ።

«አሁን ተቀመጡ» አሉ አያ ፈንቴ።

ስንወጣም እንደ ወጉ «ከዘመድ ልማከርና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉን። ከዚያ መሪጌታን ጠጋ ብለው «ይሄን ልጅ ግን ትታችሁት ኑ» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

ሚኒባስ ውስጥ አሠልጣኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው «ስኬታማ ኢንጌጅመንት ነበር፣ ፊድባክ ካላችሁ...» አለ።

መሪጌታ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩት። «አለን። ዝም በል።»

ደብረ ታቦር እስክንገባ ጆሯችን አረፈ።

እኔ ግን አላረፍኩም። ከእሁድ ወዲህ ደሳለኝን ባገኘሁት ቁጥር የማየው እጁን ነው። የሰውዬው ቋንቋ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል... «አለሁ» ግን፣ ሦስት ፊደል ብቻዋን፣ እንቅልፍ ነስታኛለች።