«አባትሽ ተኝቷል»

አስጎብኚው «አይነካም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን መቼ የሰው ምክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዞር ሲልልኝ የአጥሩን ሽቦ ጨበጥኩት። መዳፌን ባሸተው ያው የድሮው የዝገትና የባሕር ጨው ሽታ ነው። አየህ፣ ጅቡቲ ከተማ ዳር ፔካ 12 ከሚባለው ሰፈር አካባቢ የነበረው ያ የምርኮኞች ግቢ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ መግቢያው ላይ አበባ ሳይቀር ተተክሏል።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ነው። ጦሩ ተበትኖ ከጓዶቹ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሲገባ፣ የጅቡቲ ወታደሮች መሣሪያቸውን ተቀብለው እዚህ ሽቦ ውስጥ አጎሯቸው። እናቴ ቀደም ብላ ጅቡቲ መጥታ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ ነበር፤ አዳሯም እዚያው ነው። እኔ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ያገራችን ሴት ዘንድ እኖር ነበር። ዓርብ ዓርብ ለአባቴ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሽቦው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሳሉ ፋታ ባይሰጠውም ቀልዱን አይተውም፤ ወጡን ሳይቀምስ «ዛሬም አሳረርሽው?» ይለኛል።

አንድ ዓርብ በእሱ ፈንታ ጓደኛው ሃምሳ አለቃው መጣ። «አባትሽ ተኝቷል፤ መድኃኒት ወስዶ ነው» አለኝ። ምግቡን ተቀበለኝና ያለፈውን ሳምንት ሳህን አጥቦ መለሰልኝ። በሚቀጥለውም ዓርብ ተኝቷል። በሦስተኛው ግን ደሜ ፈላ። በዚያ ሐሩር፣ የከባድ መኪና አቧራ እየጠጣሁ ስመጣ፣ ለአንድ አፍታ መነሳት እንዴት ያቅተዋል?

«ጋሼ፣ ካሁን በኋላ አትመጣም ብለው ይንገሩት» አልኩ።

«እሺ ልጄ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሌሎቹ ምርኮኞች ፊታቸውን አዞሩ። የናቁኝ መስሎኝ የባሰ ተናደድኩ፤ እንዳልኩትም ቀረሁ።

ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል፤ ያስጠጋችኝ ሴትዮ ጭምር። የእናቴ አሠሪ ለክረምት ዕረፍት አገሯ እስክትሄድ ነበር የሚጠብቁት። ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ሴት መርዶ ብትሰማ የት ተቀምጣ ታለቅሳለች? የሰው ሳህን እያጠቡ ሐዘን የለም። ፈረንጇ በሄደች ማግሥት እናቴ እኔ ዘንድ አደረች። ጎሕ ሲቀድ ያገራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን አንኳኩ። እናቴ ያን ቀን እንደ ልቧ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ «አትመጣም» ብዬ የላክሁበትን ቃል ነበር የማስበው።

ዛሬ መስታወት ውስጥ ያለውን የሟቾች መዝገብ ሳይ ብዙ ስለቆየሁ፣ አስጎብኚው ካገራችን ሹፌሮች በለመደው አማርኛ «ዘመድ ነው?» አለኝ። «አባቴ ነው» አልኩት። መዝገቡ እንደሚለው የሞተው ሐሙስ ቀን ነው። ሃምሳ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ «ተኝቷል» ያለኝ በማግሥቱ ነበር ማለት ነው።

ያኔ የሐዘኑ ድንኳን እንደተነሣ ወደዚህ ሽቦ ተመልሼ መጥቼ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሲያየኝ አቀርቅሮ ቀረበኝ። መዋሸቱን አላነሣሁበትም፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ያን ያልኩትን ነገሩት?»

ግቢው ጥግ ካሉት የድንጋይ ክምሮች መካከል ወዳለው የአባቴ መቃብር ዞረ።

«እሱን አልነገርኩትም ልጄ» አለኝ። «መጥታ ነበር ነው ያልኩት።»