በእትዬ ዘነበች አጥር ላይ የተሰቀለው እንሽላሊት

ያን ቀን ጠዋት ፎቶ ቤቴን ከፍቼ መስታወቱን ስወለውል፣ ባለሱቁ ጋሼ ሁሴን ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነገሌ ውስጥ ከእኔ ሌላ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ብዬ ሰላም መሆናቸውን በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው።

«ናጋስ የለም ልጄ...» አሉ ወንበር ስበው። «እናትየው እንቢ አለች።»

እናትየው እትዬ ዘነበች ናቸው፣ የአስካለ እናት። አስካለ ደግሞ ላገባት ቆርጬ ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ ናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኚሁ ጋሼ ሁሴን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እንቢታ ጨርሶ አልጠበቅሁም። ሥራ አለኝ፣ ካሜራ አለኝ፣ ሙሉ ሱፍ አለኝ... ምን ጎደለኝ?

«ምን ብለው ነው እንቢ ያሉት?»

«መተተኛ ነው አለች። አጥሯ እሾህ ላይ እንሽላሊትና ፌንጣ ተሰቅሎ አገኘች። አንዱማ ጭንቅላት የለውም! ‹ጨለማ ቤት ዘግቶ ውሃ የሚቀምም፣ ወረቀት ገመድ ላይ ሲሰቅል የሚውል ሰው ነው፤ ከሱ ሌላ ማን ይሰቅላል?› አለች።»

ሳቄ መጣ። እርግጥ ነው፣ ፎቶ አጥቤ እንዲደርቅ በመቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ። ቤታቸው ፊት ለፊቴ ስለሆነ በመስኮቱ ያዩኛል። ነገሌ ደግሞ ወሬ ለመዞር ቀን የማይፈጅባት ከተማ ናት። መተተኛ ከተባለ ሰው ፊት ማን ቆሞ ፎቶ ይነሳል? አስካለንም እንጀራዬንም በአንድ እንሽላሊት ላጣ ነው።

እኔ ግን ሰቃዩን አውቀዋለሁ። በአሬሮ መንገድ ስመላለስ አይቼዋለሁ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው። ሲዘምር የዋህ ይመስላል፤ የምንቃሩ ጫፍ ግን እንደ ጭልፊት ቆልመም ያለ ነው። እግሩ አቅም ስለሌለው ያደነውን እሾህ ላይ ይሰካና ይቦጫጭቀዋል። የተረፈውን ለሌላ ቀን እዚያው ያቆየዋል።

«ወፍ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ፎቶ አንሺ አይደለሁ... በፎቶ ላሳያቸው ወሰንኩ።

ካሜራዬ ከሩቅ አያመጣም፤ መጠጋት ግድ ነው። ሰው ከፊቱ ቆሞ የሚነሳበት፣ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ትልቅ መጋረጃ ነበረኝ። ከአጥራቸው ውጭ ሜዳው ላይ በሁለት እንጨት ወጠርኩትና ሐይቁን መሐሉ ላይ በምላጭ ቀደድኩት። በዚያ ቀዳዳ ሌንሱን አውጥቼ ከኋላ ቁጢጥ አልኩ። ከብት የሚነዱ የሊበን ሰዎች እየቆሙ ሳቁብኝ። አንዲት ላም ቀርባ ሐይቁን አሸተተችና ተስፋ ቆርጣ ሄደች።

ወፉ መጀመሪያ ሸሸኝ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ስቀመጥ ግን ለመደኝ። አንድ ቀን እንሽላሊት በምንቃሩ አንጠልጥሎ መጣና እሾሁ ላይ ጎትቶ ሰካው። ቀጭ! አነሳሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ሱፌን ለበስኩና ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ፎቶውን አገላብጠው አዩት።

«ይሄን የት ሠራኸው?»

«ጨለማ ክፍሌ ውስጥ ነዋ...»

«ይኸው! ከዚያው ከመተቱ ቤት!» ብለው እንደ ትኩስ ድስት ለቀቁት።

አሁንስ እልህ ያዘኝ። «እንግዲያው በዓይንዎ ይዩ። ነገ ጠዋት መጋረጃው ጋ ይምጡ» አልኳቸው።

ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም፤ መጡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተሸፋፍነው፣ በስመ አብ እያሉ በሐይቁ ቀዳዳ አጮለቁ። ወፉም አላሳፈረኝም። ፌንጣ ይዞ ከተፍ አለና እሾሁ ላይ ሰካው።

«ወይ ጉድ! ይሄ ትንሽዬው?» አሉ።

በቃ አሸነፍኩ ብዬ ቀና ስል፣ ሌላ ወፍ ክንፏን እያርገበገበች መጥታ አጠገቡ አረፈች። ወፉ ፌንጣውን ከእሾሁ ነቀለና በአፏ ሰጣት።

«አጎረሳት!» አሉ እትዬ ዘነበች ክንዴን ይዘው። «ሚስቱ ናት?»

«ገና እያግባባት ይመስለኛል።»

ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«መተቱስ ይቅር፣ ተሳስቻለሁ። ግን አየህ ግርማ፣ ወፍ እንኳ ጓዳውን ሞልቶ ነው የሚጠይቀው። አንተ ከሰቀልከው ወረቀት የትኛውን ልታጎርስልኝ ነው ልጄን?»

እውነታቸውን ነው፤ ቤቴ ውስጥ ሱፍ እንጂ አንድ ቁና እህል አልነበረም። ቁርሴም ራቴም ሆቴል ነው።

በማግስቱ ገበያ ወርጄ የበሬ ሥጋ ገዛሁ። ዘለዘልኩት፣ በጨውና በበርበሬ አሸሁት፣ ፎቶ በማደርቅበት ገመድ ላይ በዚያው መቆንጠጫ ሰቀልኩት። መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እትዬ ዘነበች ከደጃቸው ቆመው ሲያዩ ቆዩና ገቡ።

አመሻሹ ላይ ጋሼ ሁሴን እየሳቁ መጡ። «ናጋ ነው ልጄ! ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይምጡ አለች።»

ቋንጣውን በነጋታው ጠዋት ሳየው አንድ ቁራጭ ጎድሏል። ቀና ስል ወፉ በእትዬ ዘነበች አጥር እሾህ ላይ ሰክቶት አየሁ። አሁን ደግሞ ምን ሊሉ ነው?

አማቴ ወጡ፣ አዩት፣ ነቀሉት። «ይሄስ ጥሎሽ ነው» ብለው ይዘውት ጓዳ ገቡ።