ያልሰማሁትን ውጤት አላነብም

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝን ኳስ ውጤት በአማርኛ የማነበው እኔ ነኝ። ኩራት አበዛች የሚል ካለ ይበል። እዚህ አገር ቴሌቪዥኑ ስለዚህ ኳስ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ኢንተርኔት የሚባለውም ገና ቤታችን አልገባም። ታክሲ የሚነዳው፣ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን የሚጦረው፣ ብሩክሊን ፓርክ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚጭነው ሁሉ ቡድኑ ምን እንደሆነ የሚሰማው ከኛ የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም ነው።

ከእኔ በፊት የሚያነቡት ሰው ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ የኳሱን ታሪክ ደግሞ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። በየትኛው ዓመት ማን ዋንጫ እንደበላ፣ የትኛው አጥቂ በስንት ቁጥር ማልያ እንደተጫወተ፣ እሳቸውን መጠየቅ ነው። አንድ ችግር ግን ነበረባቸው። ውጤቱን የሚቀዱት ከለንደን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው፤ ሞገዱ ደግሞ ይጠፋል። ሲጠፋባቸው ጋሼ ክፍተቱን በታሪክ ይሞሉታል። "ይሄ ቡድን በሜዳው በዚያኛው ተሸንፎ አያውቅም" ይሉና ሁለት ለባዶ ብለው ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል። የማይሳካላቸውን ያወቅኩት የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የለንደን ጋዜጣ ከአስር ቀን በኋላ ሲመጣ እያስተያየሁ ነው። ለኬሚስትሪ ፈተና ማጥናት ሲገባኝ ስለ ድሮ ሲዝኖች የተጻፈ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነበር የምውለው። ፈተናውንም አለፍኩ፣ ግራጁዌትም አደረግኩ። ሥራ ግን አላገኘሁም ነበር።

ጋሼ ልጃቸው ጋ ሌላ ስቴት ሲሄዱ የፕሮግራሙን አዘጋጅ "እኔ አነባለሁ" አልኩት። ሳቀ።

"ኳስ?"

"ኳስ።"

"እሺ፣ ሦስት ቅዳሜ እንይሽ። ሰው ካልወደደሽ ግን እንዳትቀየሚኝ።"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሮቢንስዴል አንድ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ አባት ደወሉ። የሚደግፉትን ቡድን ጠሩና "የሱን ስም በሴት ድምፅ ልስማ? ወንድ ጠፋ እንዴ?" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሁለተኛው ቅዳሜ በሰላም አለፈ።

ሦስተኛው መጣ። እንግሊዝ ሲመሽ እኛ ጋ ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ጣቢያው ውስጥ መሣሪያው ሞገዱን ስለሚረብሸው ፓርኪንግ ሎት ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የአንቴናውን ሽቦ በመስኮት አውጥቼ አጥሩ ላይ አስሬ ነው የምቀዳው። ብርዱ እስክሪብቶ ያደርቃል። ሁሉንም እየጻፍኩ የሮቢንስዴሉ አባት ቡድን ጋ ስደርስ ድምፁ ሹ ብሎ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ጨዋታ ላይ ነው።

ሮጬ ገባሁ። አዘጋጁ ወረቀቱን አየው። "ይሄስ ባዶ ምንድነው?"

"አልሰማሁትም።"

"ገምቺዋ! ጋሼ ይገምቱ የለ? ታሪኩን እንደሆን ታውቂዋለሽ።"

"ታሪኩን አውቀዋለሁ። የዛሬውን ነው የማላውቀው።"

"ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው አላውቅም ለመስማት አይደለም። ፈተናሽ ዛሬ ነው የሚያልቀው፣ አስቢበት።"

እውነቱን ልናገር፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። በታሪክ ከሆነ ያ ቡድን ማሸነፍ ነበረበት። ቦታውን ደግሞ ፈልጌዋለሁ፤ በጣም። ግን ላብራቶሪ ውስጥ እንኳን ያልለካሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ለስንት ሰው ልዋሽ? ማይኩ ተከፈተ፣ አነበብኩ፣ እዚያ ስደርስ "የዚህኛው ድምፁ ጠፍቶብኝ ውጤቱን አልሰማሁም" ብዬ አለፍኩ።

ሙዚቃ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። አዘጋጁ አነሳና ፊቱ ተለወጠ። "የሮቢንስዴሉ ናቸው። እንግዲህ ቻይው" ብሎ ሰጠኝ።

"አንቺ ነሽ አልሰማሁም ያልሽው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ስሚኝ ጓለይ፣ ልጄ። አምና ያ ጋሼሽ 'አሸነፉ' ብሎ አነበበ። እኔም ሜፕልዉድ ያለውን፣ የተጋጣሚያችንን ደጋፊ ጓደኛዬን አስር ቀን ሙሉ ስሰድበው ከረምኩ። 'ቡድንህን ቅበር፣ ሰልስቱን እኔ አወጣለሁ' አልኩት። ጋዜጣው ሲመጣ ለካ ሦስት ለባዶ የተቀበርኩት እኔ ነኝ! እስከ ዛሬ ስደውልለት 'ሰልስቱ መቼ ነው?' ነው የሚለኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

"ስትሰሚ ደውይልኝ። ቁጥሬን ያዢ" አሉና ነግረውኝ ዘጉ።

የተባልኩትን ለአዘጋጁ ነገርኩት። ጭንቅላቱን አሸት አሸት አደረገና "ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብለሽ ነይ" አለ።

"የምትሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ግን አይበቃኝም" አልኩት። "ውጤት ለብቻው፣ የድሮ ሲዝን ታሪክ ለብቻው። አምስት ስጠኝ።"

"ገና ሳትቀመጪ እግርሽን ዘረጋሽ?" አለ። ሰጠኝ።

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ለንደን ስፖርቱን እስኪደግም ጠበቅኩ። እግሬ በድን ሆነ። በዚህኛው ግን ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ገብቼ ደወልኩ።

"አባባ፣ ተሸንፋችኋል። ሁለት ለአንድ።"

"በሜዳችን?"

"በሜዳችሁ።"

"አንቺ ራስሽ ሰማሽው?"

"ሰማሁት።"

"እንግዲያውስ ተሸንፈናል" አሉ። "በይ ዝጊው፣ ያ የሜፕልዉዱ ሰውዬ ከሌላ ሳይሰማ እኔው ልንገረው።"